ያረጀ መኪና ጭሱን እንዴት ያጠራል?

(ገላጭ ድርሰት)

መግቢያ

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ ወይም ለምን እንደ ተከሠተ ለአንባቢ በግልጽ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። ተራኪ ድርሰት ድርጊትን በጊዜ ተራ ያወርዳል፤ አከራካሪ ድርሰት አንባቢን ወደ አንድ አቋም ለመሳብ ይጥራል፤ ገላጭ ድርሰት ግን ነገሩን ከነምክንያቱ ያፍታታል። ስለዚህ የገላጭ ድርሰት ጸሐፊ ሁለት ነገሮችን መዘንጋት የለበትም። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱን ውጤት ከምክንያቱ ጋር ማያያዝ ነው። ሁለተኛው፣ የሥራውን ቅደም ተከተል መጠበቅ፣ አንዱ ከሌላው ለምን እንደሚቀድምም መናገር ነው።

ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. ከመኪና የሚወጣ ጥቁር ጭስና ሰማያዊ ጭስ ምን የሚያመለክቱ ይመስላችኋል?
2. በዓይን የማይታይ ጭስ ሰውን ሊጎዳ ይችላልን?
3. ኑሮው በአንድ አሮጌ መኪና ላይ የተመሠረተ ሰው የአየርን ንጽሕና የሚያስጠብቅ ደንብ ቢከብደው ምን መደረግ አለበት ትላላችሁ?

ምንባብ

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት የምትገኘው የሎስ አንጀለስ ከተማ በአንድ ወገን በውቅያኖስ፣ በሌላው ወገን በተራሮች የተከበበች ናት። ብዙ ጊዜ ሞቃት የአየር ንጣፍ እንደ ድስት ክዳን ከላይ ይጋረድባታል። በዚህ የተነሣ ከምድር የሚወጣው ጭስ ሽቅብ ተበትኖ መጥፋት ያቅተውና በከተማይቱ ላይ ያንዣብባል። በ1943 በጋ አንድ ቀን የከተማይቱ ነዋሪዎች ዓይናቸው እያነባ፣ ጉሮሯቸው እየተከረከረ በወፍራም ጉም ተሸፍነው ዋሉ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበርና አንዳንዶች ጠላት የመርዝ ጋዝ የጣለባቸው መስሏቸው ነበር። ጥፋቱ በመጀመሪያ በአንድ ፋብሪካ ላይ ተላከከ፤ ነገር ግን ፋብሪካው ሥራውን ሲያቆምም ጉሙ አልተወገደም።

እውነተኛው ምክንያት የተገለጠው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። በኔዘርላንድ የተወለደውና በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ አሪ ሃገን-ስሚት፣ ከመኪኖችና ከነዳጅ ማጣሪያዎች የሚወጡ ጋዞች የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍባቸው ኦዞን የተባለውን ጎጂ ጋዝ እንደሚፈጥሩ አሳየ። ኦዞን ከምድር እጅግ ርቆ በሰማይ ሲገኝ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር ይከላከልልናል፤ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሲገኝ ግን ሳንባን ይቆጣል፤ የአስም ሕመም ያለባቸውን ሰዎችና ሕፃናትን በተለይ ያስጨንቃል። ከዚህ ግኝት በኋላ ሕጎች ተራ በተራ ወጡ። በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት የመኪና ጭስን አጥብቆ የሚቆጣጠር የንጹሕ አየር ሕግ አጸደቀ። ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ጭሱን በኬሚካዊ ለውጥ የሚያጠራ ካታሊስት የተባለ መሣሪያ በአብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ላይ ተገጠመ። በ1984 ደግሞ ካሊፎርኒያ መኪኖች በየጊዜው እየቀረቡ ጭሳቸውን እንዲያስመረምሩ የሚያዝዝ ደንብ በሥራ ላይ አዋለች።

ይህ ደንብ በአንድ ሰው ኑሮ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ለመረዳት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሰው ግቢ ሣር እያጨደና ዛፍ እየገረዘ የሚተዳደር አንድ አትክልተኛ አለ እንበል። ንብረቱ በ1985 የተሠራ ቶዮታ ፒክአፕ ነው። ይህ መኪና በሌላው ዓለም፣ በአገራችንም ጭምር፣ ሂሉክስ ተብሎ የሚታወቀው ነው። ሞተሩ 22አር የሚባለው፣ 2,366 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያለው ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ሲሆን፣ ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው በካርቡራተር ነው። ሰውየው የሣር ማጨጃውን፣ መሰላሉንና አካፋውን ጭኖ ከቤት ቤት የሚዞረው በዚህ መኪና ነው። በካሊፎርኒያ ከ1976 ሞዴል ጀምሮ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች አዲስ ከሆኑት በቀር በየ2 ዓመቱ የጭስ ምርመራ ማለፍ ይገባቸዋል። መኪናው ካላለፈ ምዝገባው አይታደስም፤ ምዝገባው ካልታደሰ በመንገድ ላይ መንዳት አይፈቀድም፤ መንዳት ካልተፈቀደ ደግሞ የዕለት እንጀራው ይቋረጣል። በሌላው ወገን ሲታይ፣ ይኸው መኪና በሚያልፍባቸው መንገዶች ዳር የሚጫወቱ ልጆች የሚተነፍሱት እርሱ የተፋውን አየር ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን የሚጠቅመው መፍትሔ መኪናው እንደገና በንጽሕና እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ይህን ለማድረግ መጀመሪያ ሞተሩ ጭስ የሚያመነጭበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል። በሞተሩ ሲሊንደሮች ውስጥ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው በካንዴላው ብልጭታ ይቀጣጠላሉ። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ቃጠሎው ፍጹም ቢሆን ኖሮ በጭስ ማውጫው በኩል የሚወጣው የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከአየሩ ጋር የገባው ናይትሮጅን ብቻ በሆነ ነበር። በተግባር ግን ቃጠሎው ፍጹም አይደለምና ሦስት ጎጂ ጋዞች አብረው ይወጣሉ።

የመጀመሪያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ የሚፈጠረው አየሩ አንሶ ነዳጁ ሲበዛ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ስለሚይዝ ግን ሰውን ይገድላል። ሁለተኛው ሃይድሮካርቦን፣ ማለትም ሳይቃጠል ያመለጠ ነዳጅ ነው። ካንዴላው ብልጭታ ሲያጓድል፣ ድብልቁ ከልክ በላይ ሲወፍር ወይም ከልክ በላይ ሲሳሳ፣ እንዲሁም የሞተር ዘይት ወደ ሲሊንደር ሰርጎ ሲቃጠል መጠኑ ይጨምራል። ሦስተኛው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው። የዚህ ጋዝ መነሻ እንደ ሁለቱ የነዳጅ መባከን ሳይሆን የሙቀት መብዛት ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሙቀት እጅግ ከፍ ሲል በአየር ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ኦክሲጅን ይዋሐዳሉ። ኦዞን የሚፈጠረው ይህ ጋዝና ሃይድሮካርቦን በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ሲገናኙ ነው።

የመኪናው ሠሪዎች እነዚህን ጋዞች ለመቀነስ በሞተሩ ላይ ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ገጥመዋል። በፒስተኖቹ ዳር አምልጦ ወደ ዘይቱ ቋት የሚወርደውን ጋዝ ወደ ሲሊንደር መልሶ የሚያስቃጥል አንድ ትንሽ ቫልቭ አለ። ከነዳጅ ታንኩ የሚተነውን ቤንዚን ወደ አየር እንዳይበተን አምቆ የሚይዝ፣ በከሰል የተሞላ ጣሳም አለ። ሌላው ከተቃጠለው ጭስ ጥቂቱን ወደ ሲሊንደር የሚመልሰው ቫልቭ ነው። ጭስን መልሶ ወደ ሞተር ማስገባት ለሰሚው እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን የተመለሰው ጭስ ከእንግዲህ ስለማይቃጠል የቃጠሎውን ሙቀት ያበርዳል፤ ሙቀቱ ሲበርድም የናይትሮጅን ኦክሳይድ ይቀንሳል። በመጨረሻ ጭሱ ወደ ካታሊስቱ ይደርሳል። ካታሊስት እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ፣ እንደ ፕላቲነም ባሉ ውድ ማዕድናት የተቀባ ሸክላ በብረት ቤት ውስጥ የታሸገበት መሣሪያ ነው። ጎጂዎቹ ጋዞች በጋለው ሸክላ ቀዳዳዎች ሲያልፉ ጉዳታቸው ወደ ቀነሰ ጋዞች ይለወጣሉ። ካታሊስቱ ሥራውን የሚጀምረው ግን ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲግል ነው።

ምርመራው ሦስት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያ መርማሪው ከላይ የተዘረዘሩት መሣሪያዎች በቦታቸው መኖራቸውንና ጎማዎቻቸው በትክክል መያያዛቸውን በዓይኑ ያያል። አንዱ እንኳ ቢጎድል፣ ጭሱ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን መኪናው ይወድቃል። ቀጥሎ የአንዳንዶቹን አሠራር ይፈትሻል፤ ለምሳሌ የብልጭታው ጊዜ ትክክል መሆኑን፣ የነዳጅ ታንኩ ክዳንም ተን አለማፍሰሱን ይመለከታል። በመጨረሻ ጭሱ ራሱ ይለካል። ሕዝብ በብዛት በሚኖርባቸው አካባቢዎች፣ ከ1976 እስከ 1999 ሞዴል ያሉ መኪኖች በአብዛኛው የሚለኩት የኋላ ጎማዎቻቸው ወይም የሚነዱት ጎማዎቻቸው በሚሽከረከሩ ከበሮዎች ላይ ቆመው ነው። ከበሮዎቹ መኪናው ዳገት እንደሚወጣ ያህል ጭነት ይሰጡታል፤ መኪናውም ከቦታው ሳይንቀሳቀስ በመጀመሪያ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። በዚህ ጊዜ በጭስ ማውጫው ውስጥ የገባው ቱቦ የጋዞቹን መጠን ይመዘግባል። ለእያንዳንዱ መኪና የሚፈቀደው ልክ የሚወሰነው በተሠራበት ዓመት፣ በዓይነቱና በክብደቱ መሠረት ነው። ስለዚህ የ1985 ፒክአፕ እንደ ትናንት መኪና ንጹሕ እንዲሆን አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው በራሱ ዘመን ልክ እንዲሠራ ብቻ ነው።

የአትክልተኛው መኪና ወደቀ እንበል። ብዙ ሰዎች በዚህ ጊዜ የሚያደርጉት ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሮጦ ውድ ዕቃ መግዛት ነው። ብልኅ ሰው ግን አስቀድሞ የምርመራውን ወረቀት ያነባል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ወረቀቱ የሞተሩን በሽታ የሚናገር የሐኪም ማስረጃ ነው። ሃይድሮካርቦን ብቻውን ከፍ ብሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ፣ ነዳጁ ሳይቀጣጠል እያመለጠ ነውና ካንዴላዎቹንና የብልጭታ ገመዶቹን፣ ወይም አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ጎማ መኖሩን መመርመር ይገባል። ሃይድሮካርቦንና ካርቦን ሞኖክሳይድ አብረው ከፍ ያሉ እንደ ሆነ ነዳጁ በዝቷል፤ የአየር ማጣሪያው ተዘግቶ፣ ቾኩ ሳይከፈት ቀርቶ ወይም ካርቡራተሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የናይትሮጅን ኦክሳይድ ብቻ ከፍ ካለ ጥርጣሬው ወደ ሙቀት ያመራል፤ ጭስ መላሹ ቫልቭ ተዘግቶ፣ ብልጭታው ከጊዜው ቀድሞ ወይም ራዲያተሩ ማቀዝቀዝ አቅቶት ይሆናል። ሦስቱም ከፍ ብለው ሞተሩ ግን ያለ እንከን የሚሠራ ከሆነ ካታሊስቱ መድከሙ ይጠረጠራል። የጭሱ ቀለምም ፍንጭ ይሰጣል፤ ጥቁር ጭስ የነዳጅን መብዛት፣ ሰማያዊ ጭስ የዘይትን መቃጠል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቋረጥ ነጭ ጭስ የማቀዝቀዣ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል።

ጥገናው የሚካሄደው ከሥር ወደ ላይ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ ነው።

አንደኛ፣ የሲሊንደሮቹ የእመቃ ኃይል ይለካል። የፒስተን ቀለበቶቹ ያለቁ ወይም ቫልቮቹ የተቃጠሉ ከሆነ፣ በላዩ ላይ የሚደረገው ማስተካከያ ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የሞተሩ ዘይት፣ የአየር ማጣሪያው፣ ካንዴላዎቹና የብልጭታ ገመዶቹ ያረጁ ከሆነ ይለወጣሉ። ዘይቱ ከጭስ ጋር ምን ግንኙነት አለው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በአሮጌ ዘይት ውስጥ ብዙ ቤንዚን ሰርጎ ይገባል፤ ዘይቱ ሲሞቅ ቤንዚኑ ይተንና በቫልቩ በኩል ወደ ሲሊንደር ስለሚመለስ ድብልቁን ያወፍረዋል።

ሦስተኛ፣ ከካርቡራተሩ ወደ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች የተዘረጉት ቀጫጭን ጎማዎች አንድ በአንድ ይታያሉ። ሞተሩ አየር በመሳብ ኃይሉ እነዚህን መሣሪያዎች የሚያዝዘው በጎማዎቹ በኩል ነው። ይሁን እንጂ ጎማ ከብዙ ዓመታት ሙቀት በኋላ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃልም። በአንዲት ስንጥቅ የሚገባ አየር ድብልቁን ያሳሳል፤ የሚታዘዘውንም መሣሪያ ሥራ ያስፈታል። የጎማዎቹ አቀማመጥ በሞተሩ ክዳን ሥር በተለጠፈው ሥዕል ላይ ይገኛል።

አራተኛ፣ ሞተሩ ወደ ተገቢው ሙቀት መድረሱ ይረጋገጣል። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ አይሞቅም፤ ሞተሩ ካልሞቀም ቾኩ በሚገባ ስለማይከፈት ነዳጅ ይባክናል። ራዲያተሩ ከተደፈነ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

አምስተኛ፣ የብልጭታው ጊዜ ሠሪው በወሰነው ልክ ይስተካከላል፤ ከዚያም የካርቡራተሩ ድብልቅ በጋዝ መለኪያ እየታየ ይታረማል። ይህን ቅደም ተከተል ማፋለስ አይገባም፤ ጎማው አየር እያስገባ ካርቡራተሩን ማስተካከል፣ መቀነቱን ሳይፈቱ ራስን እንደ መመዘን ነው፤ ሚዛኑ ይናገራል፣ እውነቱን ግን አይናገርም።

ስድስተኛ፣ ጭስ መላሹ ቫልቭና መተላለፊያው ከተከማቸባቸው ጥቀርሻ ይጸዳሉ።

የካታሊስቱ ተራ የመጨረሻው ነው። ምክንያቱም አዲስ ካታሊስት በታመመ ሞተር ኋላ ቢገጠም ብዙ አይቆይም። ከሲሊንደር ሳይቃጠል ያመለጠው ነዳጅ በካታሊስቱ ውስጥ ይቃጠላል፤ ሙቀቱም ሸክላውን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። የሚቃጠለው ዘይት ደግሞ ማዕድናቱን ይሸፍናቸዋል። እንዲያውም እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከገበያ እንዲወጣ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ እርሳስ ካታሊስትን የሚመርዝ መሆኑ ነው፤ በአሜሪካ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለመንገድ መኪኖች በ1996 ፈጽሞ ተከልክሏል፤ በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያም በ2021 መሸጡን አቁማለች። በካሊፎርኒያ በምትክነት የሚገጠመው ካታሊስት በግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድ የተፈቀደና ቁጥሩ የተቀረጸበት መሆን አለበት፤ አለዚያ ዋጋው ቢረክስም በምርመራው ቀን ዋጋ የለውም።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ሞተሩን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነሥቶ መሥራት በካርቦን ሞኖክሳይድ ያስገድላል፤ የጋለን ካታሊስት መንካትም ከባድ ቃጠሎ ያስከትላል።

ምርመራውን በዘዴ ለማለፍ የሚሞክሩም አይጠፉም። አንዳንዱ በታንኩ ውስጥ ተአምር ይሠራል የተባለ ፈሳሽ ይጨምራል፤ አንዳንዱም ካርቡራተሩን ለዚያች ቀን ብቻ አሳስቶ በማግሥቱ ወደ ነበረበት ይመልሳል። ፈሳሹ የተሰነጠቀ ጎማ አይሰፋም፤ ያለቀ ቀለበትም አይተካም። ድብልቁን ማሳሳትም ካርቦን ሞኖክሳይዱን ሲቀንስ የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ሰውየው በአንዱ በር ሲያመልጥ በሌላው ይያዛል። እውነተኛው ዝግጅት ቀላል ነው። በምርመራው ቀን መኪናውን 20 ደቂቃ ያህል በመደበኛ ፍጥነት ነድቶ ሞተሩንና ካታሊስቱን በሚገባ ማሞቅ፣ የጎማዎቹን ነፋስ ማስተካከል፣ በተራው መጠበቂያም ሞተሩን ለረጅም ጊዜ አጥፍቶ አለማቀዝቀዝ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መኪናው ባያልፍስ? የካሊፎርኒያ ደንብ ድኻውን ጨርሶ አልረሳውም። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ባለቤቶች ከጥገናው ወጪ ከፊሉን የሚሸፍንላቸው የመንግሥት እርዳታ አለ፤ ጥገና የማያዋጣውን መኪና ለሚያስረክብም ገንዘብ ይከፈላል። ይህም የተደረገው ንጹሕ አየር የሁሉ ሀብት ስለሆነ፣ ሸክሙም በአንድ አትክልተኛ ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳያርፍ ነው።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ለአገራችንም ይሠራል። በኢትዮጵያ መኪኖች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ፤ ብዙዎቹም ዕድሜያቸው የገፋ ነው። በተጨማሪም አንድ ልዩ ሁኔታ አለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 3/4ኛ ያህል ነው። በዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደዚህ ሲመጣ አየሩ ይሳሳበታል፤ የሚሰጠው ነዳጅ ግን በዚያው መጠን አይቀንስም። በመሆኑም ድብልቁ ይወፍራል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ነዳጁም ይባክናል። ከጅቡቲ ወደብ ሽቅብ የወጣ አሮጌ ፒክአፕ በአዲስ አበባ ዳገት ላይ ቢያጨስ፣ እርጅናው ብቻ ሳይሆን ከፍታውም ሊጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ መኪና ስላረጀ ብቻ አያጨስም፤ የሚያጨሰው እርጅናው ያስከተላቸው ጉድለቶች ተጠራቅመው ሳይታረሙ ሲቀሩ ነው። ጉድለቱን በመለኪያ ለይቶ፣ ከሥሩ ጀምሮ በቅደም ተከተል የሚያርም ባለሙያ የአንድን ቤተሰብ እንጀራ ከነመንገደኛው ሳንባ ይጠብቃል።

የቃላት ፍች

ያንዣብባል — ከላይ ሆኖ ይቆያል፣ ያጠላል
ተላከከ — ጥፋቱ በሌላ ላይ ተደረገ
ይዋሐዳሉ — አንድ ይሆናሉ፣ ይጣመራሉ
እመቃ — ተጭኖ ማጥበብ
ማፋለስ — ማዘበራረቅ፣ ቅደም ተከተልን ማበላሸት
ጥቀርሻ — ከጭስ የተከማቸ ጥቁር ዝቃጭ
ጫንቃ — ትከሻ፣ ሸክም የሚያርፍበት

ሀ. ከምንባቡ የወጡ ጥያቄዎች

1. በ1943 የሎስ አንጀለስ ሰዎች ጉሙን ምን መስሏቸው ነበር? የፋብሪካው መዘጋት ምን አስረዳ?
2. ኦዞን በሰማይ ጠቃሚ፣ በምድር ጎጂ የሆነው እንዴት ነው?
3. የናይትሮጅን ኦክሳይድ መነሻ ከሌሎቹ ሁለት ጋዞች መነሻ በምን ይለያል?
4. ጭስን ወደ ሲሊንደር መመለስ አየርን የሚያጠራው እንዴት ነው?
5. አንድ መኪና ሲመረመር ሃይድሮካርቦኑ ከፍ ብሎ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ዝቅ ቢል መጀመሪያ ምን ታያላችሁ? ለምን?
6. ካታሊስቱ በመጨረሻ የሚለወጥበትን ምክንያት በሁለት ዓረፍተ ነገሮች ግለጹ።
7. «ሚዛኑ ይናገራል፣ እውነቱን ግን አይናገርም» የሚለው አነጋገር በምንባቡ ውስጥ ምን ለማስረዳት ገባ?

ለ. ሰዋስው፦ ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙ ቃላት

ገላጭ ድርሰት ያለ አያያዥ ቃላት አይቆምም። ምክንያቱ ቀድሞ ውጤቱ ሲከተል «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «በዚህ የተነሣ» እንላለን፤ ውጤቱ ቀድሞ ምክንያቱ ሲከተል ደግሞ «ምክንያቱም» እንላለን። ሁለቱን ሐሳቦች በአንድ ዓረፍተ ነገር ማጠቃለል ስንፈልግ «ስለ» የሚለውን መስተዋድድ በግሡ ላይ እንጨምራለን። በዚህ ጊዜ የግሡ መነሻ «የ» ይዋጣል፤ ስለ + የበዛ፣ «ስለበዛ» ይሆናል፤ ስለ + የሚበዛ፣ «ስለሚበዛ» ይሆናል።

ምሳሌ፦
ጎማው ተሰነጠቀ። ስለዚህ ድብልቁ ሳሳ።
ድብልቁ ሳሳ፤ ምክንያቱም ጎማው ተሰነጠቀ።
ጎማው ስለተሰነጠቀ ድብልቁ ሳሳ።

መልመጃ፦ የሚከተሉትን ጥንድ ሐሳቦች ከላይ በተሰጠው ምሳሌ መሠረት በሦስት ዓይነት መንገድ አያይዟቸው።

1. የአየር ማጣሪያው ተዘጋ። ጭሱ ጠቆረ።
2. ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀረ። ሞተሩ አልሞቀም።
3. ከፍታው ይጨምራል። አየሩ ይሳሳል።

ሐ. የድርሰት መልመጃ

በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ የሚገኝ አንድ ያረጀ መሣሪያ ምረጡ፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ የውሃ ቧንቧ፣ ብስክሌት ወይም ምድጃ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን ጉድለት እንዳለበትና ጉድለቱ በምን ቅደም ተከተል እንደሚታረም የሚያስረዳ ባለ አራት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት መሣሪያውን የሚጠግን ባለሙያ ጠይቁ፤ እርሱ የሚጠቀምባቸውን የሙያ ቃላትም መዝግባችሁ በድርሰታችሁ ውስጥ አስገቡ። እያንዳንዱ እርምጃ ከሌላው ለምን እንደሚቀድም መናገርን አትርሱ።